ባዶ እጅ አይኬድም፦ የሃምስተርና የጊኒ ፒግ ባለቤቶችን ሳግባባ የከረምኩበት ዓመት

«አቦ፣ አይጥ ናት እኮ! ቪላ ልሥራላት እንዴ?»

ይህን ያለኝ ድሬዳዋ ውስጥ፣ ታይዋን በሚባለው አካባቢ ስልክ የሚጠግን ልጅ ነው። ሃምስተሯን፣ ማለት ጭራዋ ያጠረ ትንሽ የአይጥ ዘመድ፣ ያስቀመጣት በወፍ ኬጅ ውስጥ ነበር፤ የመጠገኛ ጠረጴዛው ጥግ ላይ፣ ከብየዳው ጢስ አጠገብ። ኬጁ ከጫማ ካርቶን ብዙም አይበልጥም። እሷ ሽቦውን በጥርሷ ይዛ ትነክሳለች። እኔ ደግሞ ቆሜ እሰብካለሁ። 20 ደቂቃ ሙሉ ሰበክሁት። ስጨርስ አንድ የተሰበረ ስልክ አንስቶ ብሎኖቹን መፍታት ጀመረ። ሒጂልኝ ማለቱ ነው።

ይህ ባለፈው ጥቅምት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰባት ቤት ሞክሬአለሁ። አምስቱ የሆነ ነገር ለውጠዋል። አንዱ ግማሽ በግማሽ ነው። አንዱ ጭራሽ እምቢ ብሎኛል። ድሬ ላይ እነዚህን እንስሳት የምናሳድግ በጣት የምንቆጠር ነን። እናንተም ባላችሁበት ከተማ ትሞክሩት እንደሆነ ብዬ፣ የሠራልኝንም ያልሠራልኝንም ልጻፍ።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ። ሳቢያን ሰፈር፣ ቤቴ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ቡላ የምትባል ጊኒ ፒግ (ከሃምስተር የምትተልቅ፣ ጭራ የሌላት ሣር በል እንስሳ) ነበረችኝ፤ በረንዳ ላይ፣ ቆርቆሮ ሥር። ስሟ ላይ «ጊኒ» ስላለ የሞቃት አገር እንስሳ መስላኝ ነበር። ለካስ ጊኒ ፒግ ከጊኒም አይደለችም፣ ፒግም አይደለችም። አገሯ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ የአንዲስ ተራራ ላይ፣ ብርድ ውስጥ። በግንቦት አንድ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ደንበኛ ልለካ ገባሁ። አሥር ሰዓት ስወጣ ቡላ በጎኗ ተኝታለች። አፏ ዙሪያ ረጥቧል፤ ሆዷ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ደንግጬ በበረዶ ውሃ ነከርኳት። ይሄም ስህተት ነው፤ ወደ ጥላ አውጥቶ፣ ቀዝቀዝ ባለ እንጂ በረዶ ባልሆነ ውሃ ጆሮዋንና እግሯን ቀስ አድርጎ ማራስ ነበር የሚሻለው። የመግሪብ አዛን ሳይደርስ ሞተች።

በሳምንቱ ቴርሞሜትር ገዛሁ። በዚያው ሰዓት እዚያው በረንዳ ላይ ሰቀልኩት፦ 37 ዲግሪ። ከዚያ ከጓዳ ሲሚንቶ ወለል ላይ አስቀመጥኩት፦ 29። ልዩነቱ 8 ዲግሪ፣ ርቀቱ 15 እርምጃ። ለጊኒ ፒግ የሚመቸው ከ18 እስከ 24 ነው። 27 ሲያልፍ መጨነቅ ነው፤ እንደ እኛ አያልባቸውም። እና የድሬ ጓዳ እንኳ 29 ነው። ያቺን ቁጥር ሳይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሁለተኛው ቤት ለገሃሬ ነው። ለልጆቻቸው ብለው ሁለት ጊኒ ፒግ ያመጡ እናት ናቸው፤ ማድ ቤት፣ ከምድጃው ትይዩ አስቀምጠዋቸዋል። በስልክ ጠጋኙ ስለተማርኩ አልሰበክሁም። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም አይደል? ሙዝና ያንን ቴርሞሜትር ይዤ ሄድኩ። ቡና ጠጣን፤ ስወጣ ቴርሞሜትሩን ከሳጥኑ በላይ ሰቅዬ «እትዬ፣ ቅዳሜ መጥቼ እወስደዋለሁ» አልኩ። በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ ደወሉ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ዕቃሽ 36 ይላል። ይሄ እኮ የሰው ትኩሳት ነው!» አሉኝ። ቅዳሜ ስሄድ ሳጥኑ ጓዳ ገብቷል። እኔ ስለ ሙቀት አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

የበለጠውን ደግሞ እኔ ተማርኩ። እትዬ የተሰነጠቀ እንስራ ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹን ወለሉ ላይ ደፍተውታል። ከላዩ እርጥብ ጆንያ። ሸክላው ውሃውን እየሳበ፣ ውሃው እየተነነ፣ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ሁለቱም ከሥሩ ተጋድመው ነበር። አያቶቻችን ውሃ ያቀዘቀዙበትን ጥበብ ለጊኒ ፒግ ማዋል ለኔ አልታየኝም። አሁን ይህን ለሁሉም እናገራለሁ። ከሱ ጋር በሃይላንድ ውሃ አቀዝቅዞ በጨርቅ ጠቅልሎ ማስገባትም አለ፤ መብራት ሄዶ ቬንትሌተሩ ሲቆም የሚያድነው እሱ ነው።

ሦስተኛው ሰውዬ ያሳቀኝ ነው። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ደረስኩበት። ጊኒ ፒጉ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ገራባ፣ የጫቱን ትርፍራፊ፣ ይበላል። «ፍየል ይበላው የለ?» አለኝ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚያነቃቃ ነገር ነው፤ ፍየሏ 30 ኪሎ ናት፣ ይሄ 1 ኪሎ አይሞላም። «ታዲያ እሱም እንደ አንተ ሌሊቱን ሲያፈጥ ያድራል» ብዬው ሳቀ። ያንለት በእጄ ድርቆሽ ይዤ ነበር፤ ለፍየል መኖ ከሚሸጡት የገዛሁት አንድ እስር። መሬት ላይ ስፈታው ጊኒ ፒጉ ገራባውን ትቶ እየጮኸ ሮጠበት። ጥርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ያድጋል፤ የሚሞርደው ሣር ማኘክ ነው። አንጀታቸውም ባዶ መዋል አይችልም። ስለዚህ ድርቆሽ ቀንም ሌሊትም ፊታቸው መኖር አለበት። ሰውየው አሁን በየሳምንቱ ይገዛል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከመኖው መሐል ለጋ የማሽላ ቅጠል ካለ አውጡት። ለጋ ማሽላ ከብት የሚገድል መርዝ አለው፤ የገጠር ሰው ያውቀዋል፣ የከተማ ሰው አያውቀውም።

ቫይታሚን ሲም አለ። እኛ ሰዎችና ጊኒ ፒግ አንድ ጉድለት እንጋራለን፦ ቫይታሚን ሲን ሰውነታችን አይሠራውም። ካላገኙ መገጣጠሚያቸው ያብጣል፣ ፀጉራቸው ይሻክራል፣ መራመድ ያስጠላቸዋል። ውሃ ውስጥ የሚሟሟውን አልመክርም፤ በድሬ ሙቀትና ብርሃን ቶሎ ይበላሻል። የኛ መድኃኒት ከደጃችን ነው፦ ዘይቱን (ጓቫ)። ከብርቱካን ከእጥፍም በላይ ቫይታሚን ሲ አላት። ስኳርም ስላላት በቀን አንድ ቀጭን ቁራጭ ይበቃል። የማያቃጥለው ትልቁ ቃሪያም ጥሩ ነው። ሐረር ያለች አንዲት ባለቤት ጊኒ ፒጓን ከጥንቸል ጋር በጥንቸል መኖ ታሳድግ ነበር። መኖው ውስጥ ቫይታሚኑ የለም፤ ጥንቸሉም ይራገጣል። ዘይቱን ይዤላት ሄድኩ፣ ጥንቸሉን ለየችው። ሙቀት እንኳ አያሰጋትም፤ ሐረር ከፍታዋ ስለረዳት ትንሽ ቀናሁባት።

ወደ ስልክ ጠጋኙ ልመለስ፤ ብዙ ያስለፋኝ እሱ ነው።

ሃምስተሯን የሚጠላበት ምክንያት ነበረው። «ቀኑን ሙሉ ትተኛለች፤ ቴሌቪዥን ይሻለኛል» ይላል። ታኅሣሥ ላይ ሱቁ ሄድኩ፤ ሰባት ሰዓት ነው። መዝጊያውን ግማሽ አውርዶ ካርቶን ላይ ተጋድሟል። ድሬ ናት፤ ቀትር ላይ ማን ይሠራል? «አንተስ አሁን ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት። «እሷ የድሬ ልጅ ናት። ቀትርን ትተኛለች፣ ማታ ትወጣለች። አንድ ሌሊት እያት፤ ካልወደድካት ለኔ ስጠኝ።» ከተበላሹት አንዱን ስልክ ካሜራውን ከፍቶ አሳደረው። በማግስቱ ቪዲዮውን እያሳለፈ አሳየኝ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ንጋት አሥራ አንድ አልቆመችም። ሽቦ ትወጣለች፣ ትወድቃለች፣ ትወጣለች። ከዚያ አንዱን ጥግ ይዛ ትነክሳለች። ዝም ብሎ አየ። «መውጫ እየፈለገች ነው አይደል?» አለ። ያን ቀን ባቡር ብሎ ስም አወጣላት።

ሃምስተር ሌሊት ኪሎ ሜትሮች የሚሮጥ፣ ቀን ጉድጓድ ውስጥ የሚተኛ እንስሳ ነው። በየቤቱ ካሉት ወርቃማ ሃምስተሮች አብዛኞቹ፣ እ.ኤ.አ. በ1930 ሶሪያ ሐለብ አካባቢ ከጉድጓድ ተቆፍረው ከወጡ አንዲት እናትና ግልገሎቿ የመጡ ናቸው። ጃንሆይ ዘውድ የጫኑበት ዓመት መሆኑ ነው። በዱር ከግማሽ ሜትር በላይ ወደ ታች ይቆፍራሉ። ስዊዘርላንድ ውስጥ 10፣ 40 እና 80 ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ ላይ አስቀምጠው ሲያወዳድሩ፣ ሽቦ መንከሱ የበዛው 10 ሴንቲ ላይ ነበር። ባቡር የነበራት ሁለት ጣት ጋዜጣ ነው።

ቤቱን አብረን ሠራነው። እናቱ ጋ አሮጌ ቡፌ ነበር፤ በጀርባው አስተኛነው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20፣ ወርዱ 50 ሴንቲ፤ ከ1 ሜትር በግማሽ ሜትር እንዳያንስ ይመከራል። መስታወቱን አውጥተን ጠንካራ የወንፊት ሽቦ መታንበት። 30 ሴንቲ ጉዝጓዝ ሞላን፦ ንጹሕ የእንጨት ፍቅፋቂና እኔ ፓተርን የቆረጥኩበት ወረቀት፣ ተቀዳዶ። መሮጫው አስቸገረን። ለወርቃማ ሃምስተር ክቡ ከዳር እስከ ዳር 28 ሴንቲ ገደማ መሆን አለበት፤ ካነሰ ጀርባዋ ይጎብጣል። የባልዲ ቂጥ ቆርጠን፣ ከባጃጅ ጋራዥ አሮጌ ኩሽኔታ ለምነን ገጠምንበት። ባልዲው ለስላሳ ስለሆነ ውስጡን በቡሽ ለበጥነው። መጀመሪያ ማታ አላየችውም፤ ጉዝጓዙ ውስጥ ገብታ ጠፋች። ልጁ ሞተች ብሎ ሊቆፍር ነበር፤ እጁን ያዝኩት። በሦስተኛው ቀን ሮጠች። ሽቦ መንከሷን አንድ ወር ሳይሞላ ተወች።

አሁን ያጠፋሁትን። አንድ ቤት ጉዝጓዝ ብዬ ከእንጨት ቤት ሰጋቱራ ወሰድኩ። ኤምዲኤፍ (በሙጫ የተጨመቀ ጣውላ) የተቀላቀለበት ነበር፤ አቧራና ሙጫ። እንስሳው ሁለት ቀን ሲያነጥስ ሰነበተ፤ ባለቤቱ አሁንም ግማሽ ልብ ነው የሚያምነኝ። የጥድ ሰጋቱራም አይሆንም፤ ሽታው ደስ የሚለን ዘይቱ ሳንባቸውን ይጎዳል። ሌላ ቤት ከፍሊስ ብርድ ልብስ ምንጣፍ ሰፋሁ፤ ጠርዙን ኦቨርሎክ አልመታሁትም። ክሩ ተተርትሮ የጊኒ ፒጉ ጣት ላይ ተጠመጠመ፤ በጊዜ ታየ። ጥጥም እንዲሁ ነው። ለሃምስተር ጎጆ ብላችሁ ጥጥ አትስጡ፤ እግር ያንቃል፣ ሲውጡትም አንጀት ይዘጋል። ተራ ሶፍት ቀድዳችሁ ስጡ፤ ራሳቸው ያበጃጁታል።

አንድ ተማሪ ደግሞ «ብቻዋን አሳዘነችኝ» ብሎ ሁለተኛ ሃምስተር አስገባ። እኔም ጊኒ ፒግ ብቻውን አይኖርም እያልኩ ስለምዞር፣ ጥፋቱ የኔም ነው። ጊኒ ፒግ ጓደኛ ይፈልጋል፤ ስዊዘርላንድማ ከ2008 ደንብ ወዲህ ብቻውን ማሳደር ክልክል ነው። ወርቃማ ሃምስተር ግን ተቃራኒው ነው፤ ካደገ በኋላ ጎረቤት አይወድም። ጠዋት አንዷ ጆሮዋ ተቀዶ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ ስለ አንዱ እንስሳ ስናገር ሌላውን አብሬ እጠራለሁ።

መድኃኒትም ላይ አንድ ነገር። ጆሮዋ የተቀደደውን ሃምስተር የልጁ አጎት የሕፃናት አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ሊያጠጣት ነበር። ለሃምስተርም ለጊኒ ፒግም በአፍ የሚሰጥ አሞክሳሲሊን የአንጀታቸውን ባክቴሪያ አበላሽቶ ሊገድል ይችላል። የጠየቅሁት የእንስሳት ሐኪም «እኔ ግመል ነው የማክመው» ብሎ ቢስቅም፣ ይህን ግን ጠንከር አድርጎ ነገረኝ። በጨው ውሃ አጥበን ለየናት፤ ዳነች።

እምቢ ያለኝ ሰው ድመት አለው። የሃምስተሩን ኬጅ ድመቷ ከምትተኛበት ወንበር አጠገብ አስቀምጦ «ተዋውቀዋል» ይላል። «ድመት መንኩሳ…» ብዬው ነበር፤ «አመሏን አትረሳ» ብሎ ተረቱን ጨረሰልኝ፣ ኬጁን ግን አላነሳም። ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ይዤ ያልሄድኩት ነገር የለም። አራተኛ ከሄድኩ ሚስቱ ትጠረጥረኛለች።

ትናንት ሌሊት ስልክ ጠጋኙ ደወለ። ስድስት ሰዓት ነው። «ባቡር ቆመች!» አለኝ። ልቤ ዘለለ፤ የቡላ ነገር ትዝ አለኝ። ቪዲዮ ላክ አልኩት። ሃምስተሯ ደህና ናት፤ መሮጫው ሥር ቆፍራ ባልዲውን አዘንብላዋለች። ኩሽኔታው ውስጥ ወረቀት ገብቷል። ባትሪውን በአፉ ይዞ፣ ለስልክ በሚጠቀምባት ቀጭን መቆንጠጫ አንድ በአንድ አወጣው። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አደረገበት። ባልዲው ዞረ። ተኛ አልኩት፤ ነገ ሥራ አለህ።

«እሷ ሳትተኛ?» አለኝ።