ሁለት ቦዲ ያለው የሪሞት አውሮፕላን፦ ማንም ያላስጠነቀቀኝ መሃሉን ነው

ሁለት ቦዲ ያለው የሪሞት አውሮፕላን ቤታችሁ ልትሠሩ ካሰባችሁ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ቦዲዎቹን መሥራት ከባድ አይደለም። ሞተሮቹም አያስቸግሩም። ጉዱ ያለው ሁለቱን በሚያገናኘው በዚያ አጭር የመሃል ክንፍ ላይ ነው። እኔ ይህን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ የለፋሁበት አውሮፕላን ከነባትሪው ተከሰከሰብኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የመረጥኩት የአሜሪካኖቹን ኤፍ-82 ትዊን ሙስታንግ ነው። ሙስታንግ የሚባሉ ሁለት ተዋጊ አውሮፕላኖች ጎን ለጎን የተጣበቁ የሚመስለው ማለት ነው። ሁለት አብራሪ ይዞ ረጅም መንገድ እንዲሄድ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ከሆኖሉሉ ተነስቶ ሳያርፍ ኒውዮርክ ገብቷል፤ 14 ሰዓት ተኩል ገደማ ፈጅቶበታል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚህ የሚያምረኝ አውሮፕላን የለም።

የእኔው ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 1.5 ሜትር ነው። እያንዳንዱ ቦዲ 1 ሜትር ገደማ ይረዝማል። በመካከላቸው 40 ሴንቲ ሜትር ክንፍ አለ፤ ኋላ ላይ ደግሞ አንድ አግድም ጅራት ያያይዛቸዋል። ክብደቱ ከነባትሪው 1.5 ኪሎ አካባቢ ነው።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልበለው። ፎም ቦርዱ የአርክቴክቸር ተማሪዎች ሞዴል የሚሠሩበት ባለ 5 ሚሊ ሜትሩ ነው፤ ፒያሳ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች አይጠፋም። ቆረጥኩ፣ አጠፍኩ፣ በሆት ግሉ አጣበቅኩ። ሱፐር ግሉ ፎሙን ስለሚበላው አታስጠጉት። ሞተሩን፣ ክንፉና ጅራቱ ላይ ያሉትን መሪዎች የሚያንቀሳቅሰውን ትንሽ ሞተር (ሰርቮውን)፣ ሪሞቱንና ባትሪውን የአክስቴ ልጅ ከዱባይ አመጣልኝ። የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ አይሄድም፤ ይህን ለሚያመጣላችሁ ሰው ደጋግማችሁ ንገሩት። ባለ 3 ሴሉ 2200 ሚሊ አምፒር-ሰዓት ባትሪ 24 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያሳልፉት እስከ 100 ስለሆነ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው።

ሞተር ሁለት ሲሆን ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ኢኤስሲም ሁለት ይሆናል። ሁለቱም የሪሞቱን ትእዛዝ ለሚቀበለው ሪሲቨር ኃይል እንዳይልኩ የአንዱን ቀይ ሽቦ ከሶኬቱ ነቅላችሁ በፕላስተር ጠቅልሉት።

ፕሮፔለሮቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዙሩ። ይህ ለማማር አይደለም። ዋናው ኤፍ-82 እ.ኤ.አ. በ1945 ለመጀመሪያ ጊዜ ሊነሳ ሲሞክር አልነሳም ብሎ ነበር። ምክንያቱ በመሃሉ ክንፍ በኩል የሁለቱም ፕሮፔለሮች ምላስ ወደ ላይ እየወጣ መዞሩ ነው፤ የመሃል ክንፉን የማንሳት አቅም አጠፋበት። አዟዟሩን ገልብጠው በመሃል በኩል ወደ ታች እንዲወርድ ሲያደርጉት በረረ። እኛም እንደዚያው እናድርግ። ከኋላ ሆናችሁ ስታዩት የግራው በሰዓት አቆጣጠር፣ የቀኙ በተቃራኒው ይዙር። ሞተሩን ለመገልበጥ ከ3ቱ ሽቦዎች ሁለቱን ማቀያየር ይበቃል፤ ፕሮፔለሩ ግን በተቃራኒ የተቀረጸው ዓይነት መሆን አለበት።

ስለ አዲስ አበባ አየርም የሚነግራችሁ የለም። ኢንተርኔት ላይ ያለው ሥዕልና ስሌት በአብዛኛው ባሕር ጠረፍ አካባቢ ለሚኖር ሰው የተሠራ ነው። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። አየራችን ከእነሱ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ እንዳይወድቅ የሚያስፈልገው ፍጥነት 12 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ ፕሮፔለሩም በዚያው ዙር የሚሰጠው ግፊት ይቀንሳል። የሞተሬ ወረቀት 9 ኢንች ፕሮፔለር እሰር ይላል። እኔ 10 ነው የማስረው። በዋትሜትር ለክቼዋለሁ፣ ሞተሩንም ከበረራ በኋላ በእጄ ነክቼ አይቻለሁ፤ አይግልም። እዚህ ከተማ 9 ካሰራችሁ ኃይል አጥቶ ሜዳው ያልቅባችኋል።

አሁን ወደ መሃሉ ልምጣ።

ከኢንተርኔት ያወረድኩት ሥዕል የመሃሉን ክንፍ እንዲህ ሥሩት ይላል፦ በመሃል አንድ ክብ ቱቦ አሳልፉ፤ ከላይ በፎም ቦርድ ሸፍኑ፤ ሽቦ ለማስተላለፍ እንዲመችና ክብደት እንዲቀንስ ከታች ክፍት ተዉት። ለመጓጓዣም እንዲመች ሁለቱ ቦዲዎች ከቱቦው ላይ እየተነቀሉ ይለያያሉ። ወረቀት ላይ ሲያዩት ብልህ ሥራ ነው። ቃል በቃል ተከተልኩት። ቱቦውን በርና መስኮት ከሚሠሩ ሰዎች ቤት አገኘሁ፤ ጠንካራ አሉሚኒየም ነው። ክንፉን ጫፍና ጫፉን ይዤ አነሳሁት፤ አልጎበጠም። ሞተር ሳላስነሳ ሣር ላይ ወረወርኩት፤ ቀጥ ብሎ ተንሸራቶ አረፈ። ከዚህ በላይ ምን ይፈተሻል?

የመጀመሪያው በረራ ላይ ተነሳ። ቀስ ብሎ ሲወጣ ደህና ነበር። ፍጥነት ስጨምርለት ግን ከኋላው ቆሜ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ሁለቱ አፍንጫዎች ተለያዩ። የግራው ወደ ላይ፣ የቀኙ ወደ ታች። አግድም ጅራቱ ሲጣመም በዓይኔ ይታየኛል። ሪሞቱን ወደ ግራ ብገፋው፣ ብጎትተው፣ የሚሰማኝ የለም። ወደ ቀኝ ተገልብጦ በአፍንጫው ገባ። የቀኙ ቦዲ እስከ ክንፉ ድረስ ተጨማደደ፣ አንዱ ባትሪ ተጣመመ። የተጣመመ ሊቲየም ባትሪ መልሶ ቻርጅ አይደረግም፤ ያ ሄደ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያናደደኝ ምክር ሰጪው ነው። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «ሞተሮችህ እኩል አይገፉም» አለኝ። ሁለቱንም ለካሁ፤ እኩል ናቸው። «የክብደት ማዕከሉ ወደ ኋላ ሄዷል» አለኝ ሌላው። ሥዕሉ ያለው ቦታ ላይ ነው። «ሪሞትህን አስተካክል» ያለኝም አለ። የመሃሉን ክንፍ ይዞ ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

ያወቁት ጎረቤታችን ያሉ አናጺ ናቸው፤ አውሮፕላን ሠርተው አያውቁም። ስብርባሪውን ግቢ ውስጥ ዘርግቼ ሳየው መጡና አጎንብሰው አዩት። የግራውን ቦዲ በአንድ እጃቸው ያዙ፤ የቀኙን ጅራት በአንድ ጣታቸው ወደ ላይ ገፉት። ያለ ምንም ችግር ሄደላቸው።

«ይሄ እኮ አልተያያዘም ልጄ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አሉሚኒየም እኮ ነው በመሃሉ ያለፈው» አልኳቸው።

«አሉሚኒየሙ እንዳይጎብጥ ይይዘዋል። እንዳይጠማዘዝ ማን ይያዘው?» ብለው ባዶ የጫማ ካርቶን አምጣ አሉኝ። ክዳኑ ወልቆ ስጠመዝዘው እንደ ጨርቅ ተጣመመ። ክዳኑን ከድነው ዙሪያውን በፕላስተር አሸጉትና መልሰው ሰጡኝ። በሁለት እጄ ብታገለው ንቅንቅ አላለም። ያው ካርቶን ነው። የተጨመረበት ክዳንና ፕላስተር ብቻ ነው።

ነገሩ ይሄ ነው። ከታች ክፍት የሆነ ክንፍ ጥምዘዛን አይችልም። ዙሪያውን የተዘጋ ሲሆን በብዙ እጥፍ ይጠነክራል። አንድ ክብ ቱቦ ደግሞ ክንፉን ከመጉበጥ ያድነዋል እንጂ ቦዲው በራሱ በቱቦው ላይ እንዳይዞር አያግደውም። ባለ አንድ ቦዲ አውሮፕላን ላይ ይህ ችግር ጎልቶ አይታይም። ሁለት ሲሆን ግን አንዱ አፍንጫ ትንሽ ቀና ካለ በዚያ በኩል ያለው ክንፍ የበለጠ ያነሳል፤ ሲያነሳ የበለጠ ይጠመዝዛል፤ ሲጠመዝዝ አፍንጫው ይብስ ቀና ይላል። ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ኃይሉ በፍጥነቱ ስኩዌር ያድጋል። በእጅ ስወረውረው ያልታየው ለዚህ ነው።

በሁለተኛው ላይ የመሃሉን ክንፍ ከታችም ዘጋሁት። ሽቦዎቹን ከመዝጋቴ በፊት በወረቀት ስትሮ ውስጥ አሳለፍኳቸው። ከፊት ካለው ቱቦ በተጨማሪ ከኋላ ሌላ ጨመርኩ። ሁለቱም ቱቦዎች በእያንዳንዱ ቦዲ ውስጥ ስስ ኮምፔንሳቶ ላይ በኢፖክሲ ተጣብቀዋል። አይነቀሉም። ሁሉም ተደማምሮ ክብደቱ ላይ 60 ግራም ገደማ ጨመረ። ለዚያች 60 ግራም ተብሎ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ የፈረሰው።

መጓጓዣውንም ገለበጥኩት። ሥዕሉ መሃሉን ነቅላችሁ ውጭዎቹን ክንፎች አጣብቁ ይላል። እኔ መሃሉን አጣብቄ የውጭዎቹን ክንፎች ነው የሚነቀሉ ያደረግኩት። ሁለቱ ቦዲዎች ከነመሃላቸው ቪትዝ የኋላ ወንበር ላይ ይተኛሉ።

ስታያይዙትም አትቸኩሉ። ክንፉና ጅራቱ መካከል 55 ሴንቲ ሜትር ካለ 1 ዲግሪ ስህተት ጅራቱ ጋ ሲደርስ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቀጥ ያለ የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ሥሩ። ከግራው አፍንጫ እስከ ቀኙ ጅራት፣ ከቀኙ አፍንጫ እስከ ግራው ጅራት በክር ለኩ፤ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ኢፖክሲውን አትንኩት። የመሃሉ ክንፍ በደንብ ሳይደርቅ አግድም ጅራቱን አታጣብቁ። ጅራቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ሰርቮም በሁለቱም በኩል ይኑር። በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ሌላኛው ጫፍ እየዘገየ ይጣመማል።

ከዚያ የጋሼን ፈተና አድርጉ። አንዱን ቦዲ ያዙ፣ የሌላውን ጅራት በጣት ግፉት። ከሄደ አታብርሩት።

ለሥዕሉ ባለቤት ይህን ሁሉ ከነፎቶው ጽፌ ላክሁለት። «የእኔ በርሯል» ብሎ መለሰልኝ። የእሱ ሞተሮች ከእኔ ያነሱ ናቸው፤ ዝግ ብሎ ሲበር አልጠመዘዘበት ይሆናል። ግን ሥዕሉ ላይ አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ መጨመር ምን ያስከፍላል? አልጨመረም።

ፈቃድ የሚባለውም ሌላው ነገር ነው። ያለ ፈቃድ አታብርሩ፤ በዚህ አልከራከርም። የአገሩ ሁኔታ ይታወቃል፣ ቦሌም ቅርብ ነው። የሚያቃጥለው አጠያየቁ ነው። የሄድኩበት ቢሮ የተቀመጠው ሰው «ድሮን ነው?» አለኝ። አይደለም፣ በእጅ የሚነዳ ሞዴል ነው አልኩት። «ካሜራ አለው?» የለውም። ከፍቼ አሳየሁት። «ታዲያ ሁለት የሆነው ለምንድን ነው?» ስለ ኤፍ-82 ማስረዳት ስጀምር ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰ። ከሌላ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አምጣ አለኝ። ያኛው ቢሮ ደግሞ ይህ እኛን አይመለከትም፣ አለቃውም ስብሰባ ላይ ናቸው አለኝ። ልጆች በእጃቸው አንድ ነገር ሠርተው እንዲያዩ የምንፈልግ ከሆነ ይህን የሚያስተናግድ አንድ መስኮት እንኳን ሊኖር ይገባል። በመጨረሻ ወረቀቱ ተሰጠኝ። የማበርረው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከአውሮፕላን መስመር የራቀ የግል ግጦሽ መሬት ላይ ነው፤ ባለቤቱንም አስፈቅጃለሁ። ምክሬ፣ ስትሄዱ አውሮፕላኑን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። ፎቶ ጥርጣሬ ይጨምራል። ፎም ቦርድ መሆኑን በእጁ የነካ ሰው ይለሳለሳል።

ሁለተኛው በጥቅምት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነፋስ ሳይነሳ በረረ። ፍጥነት ስጨምርለት ዓይኔ የነበረው አፍንጫዎቹ ላይ ብቻ ነው። አንድ ላይ ነበሩ። ሲያዞሩት ሰፊ ክብ ይፈልጋል፤ ክብደቱ ከመሃል ወደ ግራና ቀኝ ስለራቀ ለመጋደልም ለመመለስም ይዘገያል። ከታች ሲያዩት ግን ሁለቱ ቦዲዎች ከሰማዩ ጋር! ኮርቻለሁ፣ አልደብቅም።

አንዱ ሞተር አየር ላይ ከቆመባችሁ ሌላውን ወዲያው ዝጉት። በአንዱ ልመልሰው ካላችሁ ያሽከረክረዋል። ሁለቱም ተዘግተው ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል፤ ብቻ በእኛ አየር ውስጥ አፍንጫውን ዝቅ አድርጋችሁ ፍጥነቱን ጠብቁለት። የቀኙ ሞተር በተቃራኒ ስለሚዞር የፕሮፔለሩ ዳዶ ቀስ በቀስ ይላላል። ናይሎን ያለውን ዳዶ እሰሩበት፤ ከእያንዳንዱ በረራ በፊትም በእጃችሁ ሞክሩት።