የላላ አይሻን የዘር ሐረግ ስስል፦ ሐሰን በዝቶብኛል

የንጉሣውያን ቤተሰቦችን የዘር ሐረግ በእጄ መሳል ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። አሁን የያዝኩት የሞሮኮዋን ልዕልት ላላ አይሻን ነው። ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ጉዴን ልንገራችሁ። «ላላ» የሚለው ስም መስሎኝ እህትማማቾቹን ሁሉ በ«ላ» ፊደል ሥር ደረደርኳቸው። ላላ አይሻ፣ ላላ ማሊካ፣ ላላ ፋጢማ ዞህራ፣ ላላ አሚና። ለካ እንደ «እመቤት» ያለ የማዕረግ መጠሪያ ነው! ለወንዶቹ «ሙላይ» ይባላል። እኔ ደግሞ «ላላ» ሲባል ትዝ የሚለኝ ገመድ ነው።

ቀጥሎ ራሴን ያዞረኝ የሐሰን መብዛት ነው። ወንድሟ፣ ኋላ የነገሠው ሐሰን 2ኛ፣ ሐሰን ነው። በ1961 ያገባችው ባሏም ሙላይ ሐሰን አል-ያዕቁቢ። በ2003 የተወለደው የዛሬው አልጋ ወራሽ፣ የወንድሟ የልጅ ልጅ፣ እሱም ሙላይ ሐሰን። አንድ ማታ እንቅልፍ ሲጫነኝ ወንድሟን ሐሰንን ለአይሻ ዳርኩላት። በላጲስ ሳጠፋ ወረቀቱ ተበሳ። አሁን ለእያንዳንዱ ሐሰን የራሱን ቀለም ሰጥቼዋለሁ። ሞክሩት።

አሚና ጋ ስደርስ ደግሞ የትውልድ ቦታዋ አንትሲራቤ ይላል። የሞሮኮን ካርታ ብፈልግ ብፈልግ የለም። ማዳጋስካር ነው! ፈረንሳዮች በነሐሴ 1953 አባቷን መሐመድ 5ኛን ከዙፋን አውርደው ከነቤተሰባቸው ወደ ኮርሲካ፣ ከዚያም ወደ ማዳጋስካር አጋዟቸው። ልጅቷ እዚያው በ1954 ተወለደች። ወደ አገራቸው የተመለሱት በኅዳር 1955 ነው። አንዲት የቦታ ስም ይህን ሁሉ ጎትታ አመጣችልኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን አይሻ ራሷ ናት። የእኔ ሣጥን የሚይዘው ሦስት መስመር ብቻ ነው፦ ተወለደች፣ አገባች፣ ሞተች። ራባት 1930፣ ከባሏ ሁለት ሴት ልጆች፣ 2011። በቃ? በሚያዝያ 1947 አባቷ ታንጀር ላይ ንግግር ባደረጉ በሁለተኛው ቀን፣ ገና በ16 ዓመቷ፣ ፊቷን ሳትሸፍን ሕዝብ ፊት ቆማ ሴት ልጆች ይማሩ ብላ ተናግራለች። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ከ1965 ጀምሮ ደግሞ በለንደን፣ ቀጥሎ በግሪክና በኢጣልያ አምባሳደር ሆና ሠርታለች። ይህ የት ይገባል? ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩት፤ አሁን ጠርዙ ከመሃሉ በላይ ሞልቷል።

ያልፈታሁት የእናቶቹን መስመር ነው። ፋጢማ ዞህራ የላላ ሐኒላ ልጅ ናት። ሐሰን፣ አይሻ፣ ማሊካና አብደላህ የላላ አብላ። አሚና የላላ ባሂያ። አንድ አባት፣ ሦስት እናት ሲሆን እናንተ መስመሩን በየት ነው የምታሳልፉት? የእኔ የሸረሪት ድር ሆኗል።