ሃያ ወንበር

ዛሬ ጅማ ዝናቡ አላባራም። ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ሃያ ወንበር ደርድሬ ሦስት ልጆች መጡ። አንዱ እንደውም ዝናብ ሊጠለል ነው የገባው!

"በቃኝ፣ ደብረ ብርሃን እመለሳለሁ" እያልኩ ቤት ደረስኩ። ከቤተሰብ ከራቅኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አከራዬ እማማ በር ላይ አዩኝ። ምንም አልጠየቁኝም። "ጫማህን አውልቅና እሳት ጋ ተቀመጥ" አሉ። ትኩስ ቂጣ በቅቤና በበርበሬ፣ ቡናው እስከ በረካ።

ነቢዩ ኤልያስ ትዝ አለኝ። ክትክታ ዛፍ ሥር ሞቱን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻ አበላው፣ ተመልሶ ተኛ፣ ደግሞ ቀስቅሶ አበላው። 1ኛ ነገሥት 19ን ስንቴ አስተምሬዋለሁ! እንጎቻዋን ግን ሁሌ እዘላት ነበር።

እማማ የተረፈውን ቂጣ ለነገ ጠቀለሉልኝ። ቅዳሜ ወንበሩን ስምንት አደርገዋለሁ።