«ቴን-ይር-ኦልድ» ላይ «ኤስ» የት ገባች?

ሰሞኑን የያዝኩት ዕድሜንና የጊዜ ርዝመትን የሚናገሩ የእንግሊዝኛ ጥምር ቃላትን ነው። እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

አስር ዓመት «ቴን ይርስ» ነው። የአስር ዓመት ልጅ ሲሆን ግን «ቴን-ይር-ኦልድ» ይሆናል። ትምህርት ቤት «ቅጽል ሲሆን ኤስ አይገባም» ብለው አሳለፉን። ልክ ናቸው፤ ግን ለምን?

መልሱ ያለው በድሮው እንግሊዝኛ ነው፤ ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከመያዛቸው በፊት በሚነገረው። ያኔ ዕድሜ ወይም ልኬት ሲነገር ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጣው ስም «አ» የምትል መድረሻ ይይዝ ነበር። «የአስር ዓመታት» እንደማለት ነው። ይቺ «አ» ከጊዜ በኋላ ላላች፣ ኋላም ጭራሽ ጠፋች። ቃሉ ራቁቱን ቀረ።

ደስ ያለኝ ማስረጃ «ፉት» ናት። ብዙ ቁጥሯ «ፊት» ነው፤ አስር ጫማ የሚረዝም ዘንግ ግን «ቴን-ፉት» ይባላል። ድሮ ነጠላው «ፎት»፣ ብዙው «ፌት»፣ በዚያች መድረሻ ሲሆን ደግሞ «ፎታ» ነበር። ከ«ፎታ» ላይ «አ»ን አንሱ። አያችሁ? ነጠላ የሚመስለው ቃል ለካ ብዙ ኖሯል!

ዕድሜ የሚቆጠረው ደግሞ በክረምት ነበር። 12 ዓመት «ትዌልፍ ዊንትራ» ነው፤ እዚህም «አ»ዋን ልብ በሉ። በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ ሁለት ክረምት ያለፈውን ከብት ወይም በግ «ትዊንተር» ይሉት ነበር፤ «ቱ»ና «ዊንተር» ተጨፍልቀው። የእነሱ ክረምት ብርድ፣ የእኛ ዝናብ ነው እንጂ እኛስ «እንዴት ከረማችሁ» እንባባል የለ።

ቀኑን የሚቆጥሩት ደግሞ በሌሊት ነው። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ እ.ኤ.አ. በ98 ገደማ ስለ ጀርመን ነገዶች ሲጽፍ፣ እንደ ሮማውያን ቀን ሳይሆን ሌሊት ይቆጥራሉ ብሏል። የእንግሊዝኛ ሥሩ ከእነዚያው ነገዶች ነው። «ፎርትናይት» ማለት 14 ሌሊት፣ ማለትም ሁለት ሳምንት ነው። ሳምንቱ «ሴናይት» ነበር፣ ሰባት ሌሊት፤ እሱ ሞቷል። «ፎርትናይት» እንግሊዝ ውስጥ እንደ ልብ ይነገራል፣ አሜሪካኖች ግን እምብዛም አይጠቀሙበትም። ልጆቻችሁ የሚያውቁት ጌም ስሙን ያገኘው በዚሁ ቃል ተጫውቶ ነው፤ «ፎርት» ምሽግ ነውና።

ተጠንቀቁ የምላችሁ «ሊቭሎንግ»ን ነው፤ «ቀኑን ሙሉ» ስንል እንዳለው «ሙሉ» ማለት ነው። «ላይፍ» (ሕይወት) ያለበት ይመስላል፣ የለበትም። «ውድ» የሚል ትርጉም ካለው «ሊፍ» ከሚባል አሮጌ ቃል የመጣ ነው። «ላይፍሎንግ» (የዕድሜ ልክ) ግን እውነትም የ«ላይፍ» ልጅ ነው፤ የመጣውም ዘግይቶ ነው።

ቀጣዩ «ቲንኤጀር» ነው፣ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ቃል። «ቲን» የምትገኘው ከ13 እስከ 19 ባሉት ቁጥሮች መጨረሻ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ የ12 ዓመት ጎረምሳ ምንም ቢያስቸግር በቃሉ ሕግ ገና አልደረሰም።