ደላላው የወለዳት ልጅ

ልጆቻቸው ሳዑዲ የታሰሩባቸውን ቤተሰቦች የምናግዘው ከቅሬያችን፣ ማለትም ከእድራችን፣ የተሰባሰብን ጥቂት ሰዎች ነን። ቢሮ የለንም። አንዷ አባላችን ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ሻይ ቤት አላት፤ ፋይሉ እዚያ ከስኳሩ ጆንያ ጎን ይቀመጣል። ስልክ እንቀበላለን፣ ስም እንመዘግባለን፣ ጅዳ ላሉት ልጆች እንልካለን። ቆንስላው በር ላይ የሚሰለፉት እነሱ ናቸው። ሊሴ ፓሴው (ፓስፖርት ለሌለው የሚሰጠው የመመለሻ ወረቀት) እስኪወጣ እናትን ማጽናናት ደግሞ የኛ ፋንታ ነው።

በ2014 ዓ.ም. መጋቢት፣ ከሳዑዲ 100 ሺህ ገደማ ሰው ይመለሳል ሲባል ሻይ ቤቱ ተጨናነቀ። ደሴ ራሷ ከጦርነቱ ገና ቀና ማለቷ ነበር። ከመጡት አንዷ ሰኞ ገበያ ሽንኩርት የሚሸጡ እናት ናቸው። ልጃቸው ጅዳ አጠገብ ያለው ሹመይሲ እስር ቤት ገብታለች። አሠሪዋ ሁሩብ አድርጓታል፣ ማለትም ጠፍታለች ብሎ አመልክቶባታል፤ ፓስፖርቷም እሱ ጋ ቀርቷል። ከጅዳ "የቤተሰብ ማስረጃ ላኩ" ተባልን።

ችግሩ ስሟ ነው። እናቷ ቤት ዘውዴ ናት፤ ፓስፖርቱ ላይ ሐሊማ። የቀየረው ደላላው ነው፣ ዕድሜም ጨምሮላት። ይሄ ለኛ አዲስ አይደለም።

ማኅተም ያለበት ቢሮ ሄድን። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ሰውየው መዝገቡን ገለጠና ገጹን በጣቱ እየነካካ፣

"ዘውዴ አለች። ሐሊማ የምትባል ግን የለችም። እናት፣ ሐሊማን ያውቋታል?" አለ።

"እኔማ የት አውቃታለሁ የኔ ጌታ! እኔ የወለድኩት ዘውዴን ነው። ሐሊማን የወለዳት ደላላው ነው። እንዲያውም ከኔዋ በሰባት ዓመት ትበልጣለች።"

ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። ሴትዮዋ ግን እየቀለዱ አልነበረም፤ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን እየጠረጉ ነው የተናገሩት። ሰውየው ትንሽ አሰበና፣ "ይሄ እንዲህ ተብሎ አይጻፍም" አለ። ሊጽፈው አስቦ ነበር ማለት ነው!

ሦስት ምስክር አምጡ አለን፣ አመጣን። የአንዱ መታወቂያ ጊዜው አልፏል ብሎ መለሰን። በመጨረሻ የቅሬው ዳኛ ራሳቸው ሄደው ፊቱ ሲቆሙ ማኅተሙ አረፈ። ሰው መመሪያ ባይፈራ፣ ቀባሪ ማጣትን ይፈራል።

ተመላሾቹ በአውቶቡስ ደሴ ሲገቡ ያው ሰውዬ ባነር ይዞ ከፊት ቆሟል። ፎቶው ላይ እኛ የለንም። አይቆጨኝም። እሺ፣ ትንሽ ይቆጨኛል።

ልጅቷ ሰንበት ብላ ሻይ ቤት መጣች። ልታመሰግን መስሎኝ ወንበር ሳብኩላት።

"ጋሼ፣ የዚያችን ደብዳቤ ኮፒ ያገኙልኛል?"

"ለምንሽ ነው?"

"ሳዑዲ እንኳ አሻራ ሰጥቻለሁ፣ አያስገቡኝም። ዱባይን ልሞክር ብዬ።"

"ታዲያ ዘውዴ ብለሽ አዲስ ፓስፖርት አታወጪም?"

"ዘውዴ ምን ሠርታ ታውቃለች ጋሼ? ልምዱ ያለው ሐሊማ ጋ ነው።"

ኮፒውን ሰጠኋት። የከፈልኩትም እኔው ነኝ።