ለአንድ ቀን የሚዘረጋ የጥሞና መንገድ፦ በወሎ ካገኘሁት ልምድ

በወሎ በሚደረጉ የመጽናኛና የእርቅ መሰባሰቢያዎች ላይ፣ ሰዎች በዝምታ የሚራመዱበትን ጠመዝማዛ መንገድ ሜዳ ላይ በድንጋይና በአመድ እዘረጋለሁ። በሌላው ዓለም ላቢሪንት በሚል ስም የሚታወቀው ይህ መንገድ አንድ መግቢያና አንድ ማዕከል ብቻ ያለው ሲሆን፣ የሚያሳስት መንታ ወይም ተዘግቶ የሚቀር ቅያስ ስለሌለው፣ የገባበት ሰው ያለ ጥርጥር መሐሉ ይደርሳል፤ በገባበትም ተመልሶ ይወጣል። ብዙ ውሳኔ የከበደው ሰው ለጥቂት ጊዜ ምንም ሳይወስን መሄድ መቻሉ ትልቅ ዕረፍት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሥራውን የምወደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ወደዚህ ያመጣኝ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴን፣ ወልድያንና አካባቢያቸውን ካዳረሰ በኋላ የታዘብሁት ነገር ነው። ቤታቸውን ጥለው የተሰደዱና ሰው የሞተባቸው እናቶች ክብ ሠርተው ተቀምጠው «የደረሰባችሁን ተናገሩ» ሲባሉ፣ አብዛኞቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም ይሉ ነበር። እነዚያው እናቶች ስብሰባው አብቅቶ ጎን ለጎን ወደየማረፊያቸው ሲያዘግሙ ግን አንደበታቸው ይፈታል፤ ያለቀሱትም ያወሩትም መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ መንገዱን ራሱን ወደ ስብሰባው ማምጣት ይሻላል ብዬ አሰብሁ።

ቅርጹ ጥንታዊ ነው። በግሪክ ፒሎስ በተገኘ የሸክላ ጽላት ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1200 ዓመት አካባቢ ተጭሮ ይታያል፤ በእኛም የብራና መጻሕፍት ውስጥ ከንጉሥ ሰሎሞን ስም ጋር ተያይዞ ይገኛል። በፈረንሳይ የሻርትር ካቴድራል ወለል ላይ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተነጠፈው ደግሞ 11 ዙሮች ያሉትና ወደ 13 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ነው። እኔ የመረጥሁት ሰባት ዙሮች ያሉትን የቀደመውን ቅርጽ ነው፤ ምክንያቱም ገመድና ካስማ ይዞ የመጣ ማንም ሰው ያለ ንድፍ ወረቀት ሊዘረጋው ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሜዳው መሐል ሁለት ተሻጋሪ መስመሮችን አሰምራለሁ፤ በመስመሮቹ መካከል በሚገኙት አራት ክፍት ቦታዎች ውስጥ አንዳንድ የማዕዘን መስመር፣ ከእነሱ ውጭ ደግሞ በአራቱም ማዕዘኖች ላይ አንዳንድ ነጥብ አኖራለሁ። ከዚያ የመካከለኛውን ቀጥ ያለ መስመር የላይኛውን ጫፍ በቀኙ ካለው ቀጣይ ጫፍ ጋር በቅስት አገናኛለሁ፤ በግራ ያለውን ቀጣይ ጫፍ በቀኝ ካለው ቀጣይ ጋር እያልሁም ስምንቱም ቅስቶች እስኪያልቁ አንዱን በሌላው ላይ እያለፍሁ እዞራለሁ። የመንገዱ ስፋት 1 ሜትር ከሆነ የጠቅላላው ሥራ ወርድ 15 ሜትር፣ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 9 ሜትር ይመጣል። እኔ ሁልጊዜ 1 ሜትሩን እመርጣለሁ፤ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌና ልጅ ያዘለች እናት ሳይጨናነቁ መተላለፍ አለባቸውና።

የሚነሣበት መስመር መስቀለኛ መሆኑ በወሎ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ፣ ማለትም በአንድ የቀብርና የመረዳጃ ማኅበር፣ ተቀባብሮ በሚኖርበት አገር፣ ለሁሉም የተዘረጋ መንገድ የአንዱን ምልክት ብቻ የያዘ መስሎ ከታየ ግማሹ ሰው ዳር ላይ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ የሁለቱንም ወገን ሽማግሌዎች አስቀድሜ እጠራለሁ፤ መስመሩንም በፊታቸው አሰምራለሁ። በሐይቅ አቅራቢያ በነበረን መሰባሰቢያ አንድ ሼኽ «ልጄ፣ ይኼ የማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «አባባ፣ የሚሄዱበት መንገድ እንጂ የሚሰገድበት አይደለም» አልኋቸውና ቅስቶቹ ሲጨመሩ ተሻጋሪዎቹ መስመሮች እንዴት የመንገዱ ወሰን ሆነው እንደሚዋጡ በጣቴ መሬት ላይ አሳየኋቸው። እርሳቸውም ምርኩዛቸውን አዙረው በጫፉ አፈሩ ላይ ሙሉውን ራሳቸው ሣሉት፤ የመጨረሻውን ቅስት ሲገጥሙ ቀና ብለው አጠገባቸው ለቆሙት ቄስ «ይኸውና» አሉ። ምርቃቱን ሁለቱ ተራ በተራ አደረጉ፤ ሕዝቡም አሜንም አሚንም አለ። ጫማ ማውለቅ ግን ለማንም ግዴታ እንዳይሆን አሳስባለሁ፤ ግዴታ ከሆነ ቦታው የአምልኮ ቦታ ይመስላልና።

ስለ ማስመሪያው ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ነጭ ሆኖ ስለሚታይ ዱቄት ይሻላል የሚሉ ወጣቶች አጋጥመውኛል። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያሳለፉ ሰዎች በሚገኙበት ጉባኤ ላይ እህልን መሬት ላይ መበተንና በእግር ማስረገጥ ነውር ነው፤ የፈውስ ሥራ ሊባልም አይችልም። አመድ ከየምድጃው በነፃ ይገኛል፤ ማሳውንም አይጎዳም። ነፋስ በሚበዛበት ገላጣ ቦታ ላይ አመዱ ቶሎ ስለሚበን ጥቂት ውኃ አርከፍክፌ፣ በየእርምጃው ጡጫ የሚያህል ድንጋይ አስቀምጥበታለሁ። ድንጋዩ ከእርከንና ከካብ እንዳይነሣ አጥብቄ እከለክላለሁ፤ ከወንዝ ዳር ወይም ከማሳው ጥግ የተከመረው ይበቃል። ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ባዶ የሆነ ዐውድማ ከተገኘ ከሁሉም ይሻላል፤ ደልዳላና ጠጣር ነው። ባለቤቱ መሬቱን እንደነበረ እንዲያገኘው ድንጋዮቹን ሁሉም ሰው እየተጋገዘ የዚያኑ ዕለት ይመልሳቸዋል።

ሌላው በጥንቃቄ የማስበው የሰላምታ ጉዳይ ነው። ወደ መሐል የሚገባና ከመሐል የሚወጣ በአንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ወሎዬ ደግሞ ትልቅ ሰውን ዝም ብሎ አያልፍም፤ «እንዴት አረፈዱ፣ ልጆች እንዴት ናቸው» ተብሎ ከተጀመረ ዝምታው ይፈርሳል፣ ሰልፉም ይቆማል። «ዝም በሉ» ማለትም ክብር መንፈግ ይሆናል። በአንድ እናት ምክር፣ ሲተላለፉ ቀኝ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለትን ተስማማንበት፤ ከዚያ ወዲህ በየቦታው የምጠቀመው ይህንኑ ነው። የቀረው ወግ ለቡናው ይቆያል።

የሰባት ዙሩ አካሄድ የራሱ ጠባይ አለው። ከውጭ ቢቆጠር መጀመሪያ ወደ ሦስተኛው ዙር ያስገባል፤ ቀጥሎ ወደ ሁለተኛውና ወደ አንደኛው፣ ማለትም ወደ ዳር ይመልሳል። በአራተኛው አልፎ ማዕከሉን ወደሚያቅፈው ሰባተኛ ዙር ያደርስና ደረስሁ ሲሉት ወደ ስድስተኛውና ወደ አምስተኛው ያርቃል፤ ማዕከሉ የሚገኘው ከዚህ በኋላ ነው። በደሴ ልጇን ያጣች አንዲት ሴት አራተኛው ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ ከኋላዋ የነበሩት ሳይነኳት በዝግታ አለፏት፤ እርሷም ነጠላዋን አስተካክላ ቀጠለች። እንዲህ ያለው ነገር ስለሚያጋጥም መግቢያው ላይ ሁልጊዜ ሰውን ማጽናናት የሚያውቅ ሰው አቆማለሁ። ሌሊት እንቅልፍ ለሚነሣው፣ የተኩስ ድምፅ ለማይጠፋበት ሰው ይህ መንገድ ሕክምናን እንደማይተካ በግልጽ እናገራለሁ፤ ባለሙያ ወደሚገኝበትም እንዲሄድ እመክራለሁ። መግባት ያልፈለገ ከዳር ተቀምጦ ቢያይም በቂ ነው። ማንም አይገፋም።

የበልግና የክረምት ዝናብ ግን ሜዳውን ይከለክለናል። እ.ኤ.አ. በ1991 በሳን ፍራንሲስኮ የግሬስ ካቴድራል ቄስ የነበሩት ሎረን አርትረስ የሻርትርን መንገድ በሸራ ላይ አስቀርጸው ለሕዝብ እንደከፈቱት ሁሉ፣ እኛም አቡጀዲ በወርዱ እየቀጠልን ሰፍተን ሥዕሉን በቀለም እንሠራበታለን። ለአዳራሽ ሰባቱ ዙሮች ስለሚበዙ፣ ከተሻጋሪ መስመሮችና ከአራት ነጥቦች ብቻ የሚነሣውን ባለ ሦስት ዙር እጠቀማለሁ፤ መንገዱ 80 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ወርዱ 5.6 ሜትር ብቻ ነው። በሊሾ ወለል ላይ ጨርቁ ስለሚንሸራተት ከሥሩ እርጥበት ያልነካው ጆንያ ይነጠፋል፤ ከጠባቡ መንገድ የተነሣም አንድ ቡድን ገብቶ እስኪወጣ ሌላው በር ላይ ይጠብቃል።