የሞምባሳ ግንብ

ትናንት ማታ ቡና እየጠጣን የሞምባሳ ፎቶዎቼን ለእምዬ አሳየኋት። ፎርት ጂሰስ የሚባለው ግንብ ላይ ስትደርስ እጄን ያዘችኝ። «ይኼማ ፋሲል ነው!»

«አይደለም እምዬ፣ ኬንያ ነው። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1593 የጀመሩት።»

ግድግዳውን አጉልቼ አሳየኋት። ድንጋዩ ኮራል ነው፤ ከባሕር የወጣ፣ እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው። እዚያ ቆሜ መዳፌን ስጭንበት ሻካራ ነበር፤ የባሕሩ ነፋስ ከንፈሬ ላይ ጨው ጨው ይላል። እምዬ ዝም ብላ አየችና «ኖራው ግን እንደኛው ነው» አለችኝ።

ስንት አገር አቋርጬ ሄጄ የሰው ግንብ ዳሰስኩ። የራሴን ግን በየቀኑ በአጥሩ ሥር አልፋለሁ እንጂ ነክቼው አላውቅም፤ ይኼ ከነከነኝ። ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ቆም ብዬ ዳሰስኩት። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ ረጥቧል፤ በድንጋዮቹ መሃል አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል።